የወረቀቱ ቀኝ ጎን

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለንስሐ አባቴ ጾም መሻሬን፣ ሰው ማማቴን፣ ከአክስቴ ጋር ተኳርፌ ዓመት በዓል ማሳለፌን ሁሉ ነግሬአቸዋለሁ። ይህኛው ግን ጉሮሮዬ ድረስ ይመጣና መልሼ እውጠዋለሁ። አንድ ጊዜ እንደማቅማማ ገብቷቸው፣ «ሌላስ ልጄ?» ብለው ጠበቁኝ። «ሌላ የለም አባቴ» አልኩ። ያን ዕለት በበደሉ ላይ ውሸት ጨመርኩበት ማለት ነው።

ሲሰሙት ትልቅ ነገር አይመስልም። አልሰረቅሁም፤ ሰው ላይ እጄን አላነሣሁም። አንዲት እናት ልጇን ማወቅ በምትችልባቸው በመጨረሻዎቹ ወራት፣ ልጅቷን ከደጅ መለስኳት፤ በእሷ ቦታም እኔ ተቀመጥኩ። ይኸው ነው። እናንተ የምታነቡኝ፣ ፍርዳችሁን ያዙልኝ ብዬ አልለምንም። እስከ መጨረሻው ግን ስሙኝ።

ስሜ አስካለ ነው። ሥራዬ በሥዕል ማከም ነው። እንዲህ ስል ሰው ሁሉ ሥዕል የማስተምር ይመስለዋል፤ አላስተምርም። የመርሳት በሽታ፣ ሐኪሞች አልዛይመር የሚሉት፣ ቃላቸውን የወሰደባቸው አረጋውያን ፊት ወረቀትና የውሃ ቀለም አስቀምጣለሁ፤ አጠገባቸው እቀመጣለሁ፤ ምላሳቸው የረሳውን እጃቸው እስኪያወጣው እጠብቃለሁ። ሥራው በአብዛኛው መጠበቅ ነው። ለመጠበቅ ደግሞ የተፈጠርኩ ይመስለኝ ነበር፤ ብዙ አልናገርም፤ ከሰው መጽሐፍ ይቀለኛል።

የተማርኩት ዘግይቼ ነው። እናቴን ገና በልጅነቴ ስላጣሁ ያደግሁት አክስቴ ቤት እየተላላክሁ ነው። ትምህርቴን የጨረስኩት በማታ ነው። የዩኒቨርሲቲውን በር ስረግጥ እኩዮቼ ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት ያደርሱ ነበር። ዘግይቶ የተማረ ሰው ሕግ ይወዳል። መጽሐፍ ላይ የተጻፈው ሁሉ ለእሱ ብቻ የተጻፈ ይመስለዋል። እኔ ብሩሾቼን በቁመታቸው እደረድራለሁ፤ የታጠበ ብርጭቆ ላይ የቀለም ጠብታ ካየሁ መልሼ አጥባለሁ። ያሠለጠነችን መምህርት ደጋግማ የምትለውም ከአእምሮዬ ወጥቶ አያውቅም፤ የታካሚው ወረቀት የታካሚው ነው። አትነኩትም፤ አታርሙትም፤ አንዲት ነጥብ አትጨምሩበትም። ይህን ሕግ ከሁላችን አጥብቃ የያዘችው እኔ ነበርኩ።

የአረጋውያኑ ማዕከል ቦሌ፣ ከሩዋንዳ ሰፈር ወደ ውስጥ በሚያስገባው መንገድ ላይ፣ በእንግዳ ማረፊያዎችና በምግብ ቤቶች መሀል ሳይፈርስ የተረፈ አሮጌ ቪላ ነበር። አረጋውያኑ እዚያው ይኖራሉ። አውሮፕላን ጣሪያውን ታክኮ ሲያልፍ ሁሉም ብሩሻቸውን እንደያዙ ቀና ይላሉ፤ ድምፁ ሲርቅ ግማሾቹ ምን ይሠሩ እንደነበር ይጠፋቸዋል፤ ከዚያ ሁላችንም እንደ አዲስ እንጀምራለን። ዘበኛችን ጋሽ ኃይሉ ወደ ቤት ስሄድ ሁልጊዜ፣ «መምህርት፣ ዛሬስ የቀቡት ወረቀቱን ነው ወይስ ጠረጴዛውን?» ይሉኝ ነበር።

እማማ ዘይነባን ያመጣቻቸው ልጃቸው ሐያት ናት። እማማ ከወሎ በትዳር መጥተው፣ ቦሌ ሚካኤል ውስጥ ጠባብ የጥልፍ ሱቅ ከፍተው፣ ለሙሽራ የአልጋ ልብስ በመጥለፍ ልጆች ያሳደጉ ሴት ናቸው። ሱቁን አሁን የያዘችው ሐያት ነበረች። አዲስ ታካሚ ሲመጣ ከቤተሰቡ ጋር ቁጭ ብዬ ማውራት ልማዴ ነውና አነጋገርኳት። ገና ከመቀመጧ እንዲህ አለችኝ፤

«ሰፈሩ 'እናቷን ጣለቻት' ይለኛል። ከቤት እየወጣች ትጠፋለች። ባለፈው ቀለበት መንገድ ላይ መኪና መሀል ቆማ ነው ያገኘኋት፣ ነጠላ ጫማዋን በእጇ ይዛ። ሱቁን ዘግቼ ልጠብቃት ብል ልጆቼን ምን ላብላቸው? እስቲ አንቺ ንገሪኝ እህቴ፣ ጣልኳት?»

«አልጣልሻትም» አልኳት። ያኔ ከልቤ ነበር።

እጃቸው ምን መሥራት ይወድ እንደነበር ጠየቅኋት። ሳቀች፤ ከመጣች ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ።

«መርፌ ነዋ! አንዱን የአልጋ ልብስ ለሁለት ነበር የምንጠልፈው። አግዳሚው ላይ ጎን ለጎን እንቀመጣለን፤ እሷ ከግራ ትጀምራለች፣ እኔ ከቀኝ። መሀል ላይ ስንገናኝ ክሩን በመቀስ ቆረጥ ታደርግና 'ደረስሽልኝ' ትለኛለች። ግን ትዕግሥት የላትም እኮ! ከዘገየሁባት መሀሉን አልፋ የኔን ጎን ትጀምርብኛለች። ስንቴ ተጣልተናል በዚህ።»

ይህን ልብ በሉልኝ። በመጀመሪያው ቀን ነው የነገረችኝ። አላውቅም ነበር ማለት አልችልም።

እማማ ዘይነባ መጀመሪያ ቀለሙን አልነኩም። ወረቀቱን በመዳፋቸው ያለሰልሱታል፣ ጠርዙን ይዘው ይመረምሩታል፣ ያስቀምጡታል። እኔ እጠብቃለሁ። አንድ ጠዋት ብሩሹን እንደ መርፌ በሁለት ጣታቸው ያዙና በወረቀቱ ግራ ጠርዝ ላይ አጭር ቀይ ጭረት አሳረፉ። አጠገቡ ሌላ፤ ከሥሩ አረንጓዴ። እየተሰካኩ፣ እየተጠማዘዙ፣ ልክ እንደ ጥልፍ ሄዱ። የወረቀቱ ልክ መሀል ላይ ሲደርሱ ግን ቆሙ። ቀኙ ጎን ነጭ እንደሆነ ቀረ።

በሙያችን እንዲህ ያለ ነገር አለ፤ በሽታው የወረቀቱን አንድ ጎን ከሰው ዓይን የሚሰርቅበት ጊዜ አለ። ሌላ ሰው ቢያየው እንዲያ ይል ነበር። እኔ ግን አወቅሁ። እማማም ጥርጣሬ አላስቀሩልኝም፤ ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋ አድርገው፣

«ሐያት፣ ምን ትጠብቂያለሽ? ጀምሪ እንጂ ያንቺን» አሉኝ።

«እማማ፣ እኔ አስካለ ነኝ» አልኩ።

ፊታቸው ተለዋወጠ። በዓይናቸው በሩን ፈለጉ፤ «ልጄስ? ልጄ የታለች?» እያሉ ብድግ አሉ። ለማረጋጋት ረጅም ጊዜ ወሰደብኝ። በሚቀጥለው ጊዜ ሐያት ሲሉኝ አላረምኳቸውም። ይህ ጥፋት አልነበረም፤ በዚህ በሽታ የተያዘን ሰው ስህተቱን እያረምን አናሠቃየውም። ዝም ማለት ይፈቀዳል። ብሩሽ ማንሣት ግን አይፈቀድም። እኔ ብሩሹን አነሣሁ።

ለምን አነሣሁ? ለእሳቸው ብዬ ነው? እውነቱን ልናገር ብዬ አይደል የተቀመጥኩት? ብሩሹን ያነሣሁት እኔ፣ ሕግ አክባሪዋ አስካለ፣ «ጀምሪ እንጂ ያንቺን» ብላ ያዘዘችኝ እናት በሕይወቴ ስላልነበረች ነው። ከቀኝ ጠርዝ ጀመርኩ። የእሳቸውን ቀይ በቀይ፣ አረንጓዴውን በአረንጓዴ እየተከተልኩ፣ እንደ ባሕርዬ ጠበቅ ጠበቅ አድርጌ ሠራሁ። መሀል ላይ ብሩሾቻችን ተነካኩ። እማማ ብሩሹን አስቀምጠው እርጥብ እጃቸውን ጉንጬ ላይ አሳረፉ።

«ደረስሽልኝ» አሉ።

ዕድሜዬ ከአርባ አልፎ ነበር። ጉንጬ ላይ የቀረውን አረንጓዴ ቀለም ሳልታጠብ ወጣሁ። ጋሽ ኃይሉ አይተው፣ «ዛሬ ደግሞ አንቺን ቀቡሽ?» ብለው ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ታክሲ ውስጥ ሰዎች ሲያዩኝ ደስ ይለኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሁልጊዜ እንዲህ ሆነ። እሳቸው ከግራ፣ እኔ ከቀኝ።

ሐያት ባገኘችው ጊዜ ሁሉ ትመጣ ነበር፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ሥራ ላይ አታገኘንም። አንድ ቀን ሱቋን ቀደም ብላ ዘግታ መጣችና በሥራችን መሀል ገባች። እማማ ቀና ብለው አዩአት።

«ይቺ ሴትዮ ማናት?» አሉ ወደ እኔ ዞረው።

ሐያት ባለችበት ደርቃ ቀረች። እማማ ደነገጡ፤ ብሩሹ ከእጃቸው ወደቀ። ወረቀቱን፣ እኔን፣ እሷን ተራ በተራ ያያሉ። ሐያት ግን ቀስ ብላ መጥታ እግራቸው ሥር ተንበረከከችና እጇን ጭናቸው ላይ አኖረች። እማማ ያን እጅ አንሥተው ይዳስሱት ጀመር። አውራ ጣቷ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። መርፌ ሲገፋ የኖረ፣ እንደ ጠጠር የደረቀ ቆዳ ነበረበት።

«ሐያትዬ» አሉ። «ዛሬም ወጋሽው?»

ሐያት ጭናቸው ላይ ተደፍታ አለቀሰች። «አብሽሪ፣ አብሽሪ የኔ ልጅ» እያሉ ጀርባዋን መታ መታ ያደርጓታል። እኔ ብሩሼን እንደያዝኩ ተቀምጬ ነበር። ማንም አላየኝም። ለእኔ የሚሆን የወረቀት ጎን አልቀረም።

ቀናሁ። ሌላ ቃል ባገኝለት ደስ ባለኝ፤ የለውም።

በማግስቱ ሐያትን ግቢው ውስጥ ካለው የጽድ ዛፍ ሥር አስቀምጬ አነጋገርኳት። ድምፄ የባለሙያ ድምፅ ነበር። ያን ድምፅ ለማግኘት ስንት ዓመት ለፍቻለሁ።

«ስትመጪ ይረበሻሉ» አልኳት። «'ማናት' ሲሉ ሰምተሻል።»

«በኋላ ግን አወቀችኝ እኮ።»

«አወቁሽ። ያ ምን ያህል እንዳደከማቸው ግን አላየሽም። ሌሊቱን ሙሉ አልተኙም።»

በሰላም ተኝተው ነበር ያደሩት። ጠዋት የነገረችኝ ነርስ ናት።

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«እስኪለምዱ ድረስ ለተወሰነ ጊዜ ብትቀሪ ይሻላል። እኔ እደውልልሻለሁ።»

ጣቶቿን ስትፈትል ቆየች። ሰፈሩ የሚላትን እያሰበች እንደሆነ አውቃለሁ። እናቷን የጣለች የምትባል ሴት፣ 'መምጣትሽ ይጎዳታል' ሲሏት ምን ብላ ትከራከራለች? ያን ቁስሏን ራሷ ናት ያሳየችኝ። እኔም ያንኑ ቦታ ነካሁት።

«እሺ» አለች በመጨረሻ። «የተማርሽው አንቺ ነሽ። አንቺ ታውቂያለሽ።»

ዕድሜዬን ሙሉ እንዲባልልኝ የናፈቅሁት ቃል ይህ ነበር። ሲባልልኝ ምን ላይ አዋልኩት?

በሽታው እንደማይጠብቅ ከማንም በላይ እኔ አውቅ ነበር። ዛሬ በጣት የታወቀች ልጅ ከርሞ በጣትም እንደማትታወቅ አውቅ ነበር። ያለው ጊዜ ጥቂት ነው፤ የሐያት ጊዜ ነው። ያንን ነው የወሰድኩት።

ሐያት ማታ ማታ ትደውላለች። «በላች?» ትለኛለች። «በልተዋል» እላለሁ። «ስሜን ትጠራለች?» ትለኛለች።

«አሁን ስም አይጠሩም» እላለሁ።

ቀኑን ሙሉ ሲጠሩት ነበር የሚውሉት። ወደ እኔ ዞረው። «ሐያት ያንን ቀይ አቀብዪኝ፣» «ሐያት ቀና በዪ አንገትሽን ትታመሚያለሽ፣» «ሐያት በላሽ?» እኔም «አቤት እማዬ» እል ነበር። እናቴን በዚያ ስም የጠራሁበትን ቀን አላስታውስም፤ ለእሳቸው ግን ከአፌ እንዴት ቀልሎ ይወጣ ነበር!

ረመዳን ገባ። ጋሽ ኃይሉ አንድ ከሰዓት በኋላ ቴምርና ሳምቡሳ በጨርቅ የተጠቀለለ ይዘው መጡ።

«ልጅቷ ናት። በር ላይ ቆማ ነበር። ግቢ ብላት 'መምህርት አትምጪ ብላኛለች' አለችኝ። ምነው መምህርት?»

«ለሕክምናው ነው ጋሽ ኃይሉ።»

«ሕክምና» አሉ፤ ራሳቸውን ነቅንቀው ወደ በራቸው ሄዱ። ከዚያ በኋላ ስለ ቀለሙ መቀለዱን ተዉት።

ቴምሩን ለእማማ አቀረብኩላቸው። «ማን አመጣው?» አሉኝ።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

«ተባረኪ ሐያትዬ» አሉኝ፤ አንዷን ፍሬ ከፍለው ግማሿን አጎረሱኝ። በላሁ።

ወደድኳቸው። ይህን የምነግራችሁ እንዲቀልልኝ አይደለም። ጸጉራቸውን እጎነጉንላቸው ነበር፤ የሻዩ ሙቀት ምላሳቸውን እንዳያቃጥል በእጄ ጀርባ እለካው ነበር፤ እግራቸው ሲበርዳቸው በሁለት እጄ ይዤ አሞቀው ነበር። አንድም የውሸት ነገር አልነበረበትም። ለዚህ አይደል የሚብሰው? የማልወዳቸው ብሆን ኖሮ የሐያትን ድርሻ ለሐያት በተውኩላት ነበር።

ክረምቱ ሲገባ የእማማ ጎን እየጠበበ መጣ። መሀል ድረስ መምጣት ተሳናቸው፤ ጭረታቸው ከግራ ጠርዝ ብዙም ሳይርቅ ይቆማል። እኔ ደግሞ እስከ እሳቸው ድረስ እሄዳለሁ። «ደረስሽልኝ» ለማለት ቃሉን ይፈልጉታል፤ አንዳንዴ ያገኙታል።

ከእነዚያ ቀናት በአንዱ ወረቀቱን ገፋ አደረጉልኝና ጠበቁ። ብሩሽ ላነሣ ስል በመስኮቱ በኩል በሩ ታየኝ። ሐያት ጃንጥላ ይዛ በዝናቡ ውስጥ ከበሩ ውጭ ቆማለች። ጋሽ ኃይሉ በእጃቸው «ግቢ» ይሏታል፤ እሷ ራሷን ትነቀንቃለች። እንዳትገባ የከለከላት በር አልነበረም። በሩማ ክፍት ነበር።

ብሩሹን ማንሣት አቃተኝ። ወጥቼ ልጠራትም ግን አልተነሣሁም። ሁለቱንም ሳላደርግ ተቀመጥኩ። እማማ ወረቀቱን እንደገና ገፋ አደረጉት። ጠበቁ፣ ጠበቁና ወንበራቸው ላይ እንቅልፍ ወሰዳቸው። ቀና ስል በሩ ላይ ማንም የለም። ቀኙ ነጭ የሆነውን ያን ወረቀት አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ።

ከዚያ በኋላ እማማ ዘይነባ ወረቀት ገፍተውልኝ አያውቁም። ብሩሹን ሲሰጧቸው ይዘውት ይቀመጣሉ። ማንንም በስም አይጠሩም። ያኔ ነው ለሐያት የደወልኩት። «አሁን መምጣት ትችያለሽ» አልኳት። እየሮጠች መጣች፤ ሻሿ ላይ የክር ቁራጭ ነበር።

እማማ ሁለታችንንም እኩል አዩን። «እንግዶች ናችሁ?» አሉ በዚያ ጨዋ አነጋገራቸው። «አረፍ በሉ።»

ሐያት ተንበረከከች። አውራ ጣቷን መዳፋቸው ውስጥ አኖረች። እማማ ያዙት፤ አዩት፤ እንዳይበላሽ እንደሚሠጉለት የሰው ዕቃ ቀስ አድርገው መለሱላት። ሐያት ቀና ብላ አየችኝ። «መቼ ነው እንዲህ የሆነችው?» አለችኝ። «በሽታው ነው» አልኩ። ይህም እውነት ነበር። እውነትን እንዲህ አድርጎ መናገር እንደሚቻል ያወቅሁት ያን ቀን ነው።

ክረምቱ ሳይወጣ እማማ ዐረፉ። ለቅሶ ቤት ቦሌ ሚካኤል ሄድኩ። ሐያት ጠይቃኝ ስለነበር ሥዕሎቹን ይዤላት ሄድኩ። በሴቶቹ መሀል ምንጣፉ ላይ ዘረጋቻቸው። ጥልፍ የምታውቅ ናትና ዓይኗ ወዲያው መሀል መሀላቸው ላይ ሄደ። ጣቷን በቀኝ በኩል እያስኬደች ቆየች።

«እዚህ ጋ እጇ ጠበቅ ይላል» አለች። «የኔን አሠራር ነው እኮ የሠራችው። 'ላላ አድርጊው፣ ጨርቁ ይተንፍስ' እያለች የምትቆጣኝን። እዩ፣ እዩማ! ስዘገይባት የኔን ጎን ጀመረችብኝ።» እየሳቀች ታለቅሳለች። «እኔ አልመጣ ስላት የኔንም ሠራችልኝ!»

ሴቶቹ አብረዋት አለቀሱ። እኔ መሀላቸው ተቀምጬ ነበር። አፌን መክፈት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ሐያት አንገቴን አቀፈችኝ።

«እናቴ ብቻዋን አልነበረችም። አላህ ይስጥሽ እህቴ።»

«አሜን» አልኩ።

አሜን አልኩ። ከበሩ የመለስኳት ቀን አንድ ነገር ነው፤ 'ስም አይጠሩም' ያልኳት አንድ ነገር ነው፤ ቴምሩ አንድ ነገር ነው። እኔን ግን ከሁሉም ይልቅ ከእንቅልፌ የሚቀሰቅሰኝ ያ አሜን ነው።

ዓመታት አለፉ። ዛሬ ይህን ሙያ ለሚጀምሩ ወጣቶች የማስረዳው እኔ ነኝ። «የታካሚው ወረቀት የታካሚው ነው፤ አንዲት ነጥብ አትጨምሩበት» እላቸዋለሁ፤ ይጽፉታል። ሐያት ከሥዕሎቹ አንዱን በመስታወት አስገጥማ ሱቋ ውስጥ ሰቅላዋለች። ከዚያም አልፋ ንድፉን ለሙሽሮች የአልጋ ልብስ ትጠልፈዋለች፤ ግራውን እንደ ግራው፣ ቀኙን እንደ ቀኙ። በማላውቃቸው ቤቶች፣ በማላውቃቸው አልጋዎች ላይ የእኔ ውሸት ተዘርግቷል።

እዚህ ላይ «ይቅር በሉኝ» ብዬ ልጨርስ ነበር። ቃሉን ጽፌው ነበር፤ ሰረዝኩት። እናንተ ምን በደልኳችሁ? ከሐያት በፊት ለእናንተ መናገሬስ ያው እንደ ልማዴ በጎን መዞር አይደለም? ይህን ጽሑፍ አስቀመጥኩትና ያን ያጠፍኩትን ሥዕል ይዤ ወጣሁ። ከዚህ በታች ያለውን የጻፍኩት ከሄድኩ በኋላ ነው።

ሐያት አግዳሚዋ ላይ ተቀምጣ ትጠልፍ ነበር። ስታየኝ ፊቷ በራ።

«አስካለ! ምን አባሽ ሆነሽ ነው እንዲህ የጠፋሽው? ግቢ፣ ግቢ፤ ይቺን ክር ልጨርስ።»

«ሳትጨርሺ ልንገርሽ» አልኳት።

ቆሜ ነገርኳት። ከጽዱ ሥር ጀምሬ፣ እማማ ያን ሌሊት ተኝተው እንዳደሩ፣ ቴምሩን፣ በዝናብ የቆመችበትን ቀን። መርፌዋ መጀመሪያ ዘገየ፤ ከዚያ ቆመ። መሀል ላይ አንዲት ደንበኛ ገብታ የትራስ ልብስ ጠየቀች። ሐያት ቀና ሳትል፣ «ዛሬ ዝግ ነን የኔ እናት» አለቻት። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ ነበር፤ ሴትየዋ ሁለታችንን አይታ ወጣች።

«ይሄስ?» አለች ሐያት፤ በአገጯ ግድግዳውን አመለከተች።

«ቀኙ የኔ ነው።»

«ለልጆቼ... 'አያታችሁ የእናታችሁን ጎን ሠራችላት' ብዬ...» አልጨረሰችውም። ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ፣ «'አልጣልሻትም' ያልሽኝ አንቺ ነሽ» አለች። «ከዚያ አስጣልሽኝ።»

ሐያት መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰካችው።

«ስሜን ትጠራ ነበር?»

«ቀኑን ሙሉ።»

«አትጠራም አልሽኝ እኮ።»

«ዋሸሁሽ።»

«ምን ብላ?»

«'ሐያት፣ ምን ትጠብቂያለሽ? ጀምሪ እንጂ ያንቺን'» አልኩ። «ስንጨርስ ደግሞ 'ደረስሽልኝ' ይሉ ነበር። ለአንቺ ነው። አንድም ቀን ለእኔ አልነበረም።»

ሐያት መዳፏን አፏ ላይ ጫነች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ሳቅ ይሁን ልቅሶ መለየት አልቻልኩም። «እሷ ናት» አለች። «ወላሂ እሷው ናት።»

ተነሥታ ሥዕሉን ከግድግዳው አወረደች። ከመስታወቱ አወጣችው፤ መቀሷን አነሣች። ብሩሾቻችን የተነካኩበትን ቦታ ሳላሳያት አገኘችው። ከላይ እስከ ታች ቀጥ አድርጋ ቆረጠችውና ቀኙን ጎን ዘረጋችልኝ።

«ያንቺን ውሰጂ።»

ወሰድኩ። ግማሹ ነጭ የሆነውን ያን ወረቀት ከቦርሳዬ አውጥቼ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጥኩላት። የመጨረሻው እንደሆነ፣ እንዳልነካሁት ነገርኳት። ይቅር በዪኝ አላልኳትም፤ ብላት ኖሮ እኔን ማጽናናት ይኖርባት ነበር፤ ያንንም ጭምር ልወስድባት አልፈለግሁም።

«አሁን ሂጂ» አለችኝ። «ሌላ ቀን የምጠይቅሽ ይኖረኛል። ምን ትበላ እንደነበር፣ ምን እንዳለች። ዛሬ ግን ሂጂ።»

በሩ ላይ ስደርስ ዞር ብዬ አየኋት። ወረቀቱን ጭኗ ላይ ዘርግታዋለች። አግዳሚው ላይ ወደ ቀኝ ጥጉ ተጠግታ ተቀምጣ ነበር፤ በግራዋ በኩል አንድ ሰው የሚበቃው ቦታ ትታ።